የመንገደኞቹን ቡድን ስዘጋ

ቡድኑን ልዘጋው መሆኔን የጻፍኩት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ያለኝ ቀን ነው። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ግን የደከመው ሰው ትልቁን ነገር የሚወስነው በትንሹ ተናዶ ነው። ወረቀቱን በጥፍሬ እየቆነጠርኩ አወጣሁ፤ እጄን ጠረግኩና ስልኬን አንስቼ፣ «ውድ መንገደኞች፣ ፎቶዎቻችሁን እስከ አርብ አውርዱ፤ አርብ ቡድኑ ይዘጋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቆሞ ለሚጠብቀኝ ደንበኛ መታወቂያውን በሁለት ቅጂ አወጣሁለት።

ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ የስልክ ቡድን ነው። የጀመርነው ሁለት ሆነን ነበር፤ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ እኔና እስጢፋኖስ ገዳም የተማረ አንድ ዲያቆን። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ፣ ሰዎች ስለ ገዳሙ ሲጠይቁኝ ወደሱ እልካቸዋለሁ፤ እሱን ስለ ዓሣ ቤት፣ ስለ አልጋና ስለ ሚኒባስ ሲጠይቁት ደግሞ ወደኔ ይልካቸዋል። «አንቺ ለሥጋቸው፣ እኔ ለነፍሳቸው» ይለኝ ነበር። ዓሣው ሲጠፋ በጾም ያመካኛል፣ እኔ በሱ እስቃለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው ቡድኑ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያፈራው።

አባሎቻችን ጉዞ ወዳዶች ብቻ አልነበሩም፤ የጉዞ በሽተኞች ነበሩ። ከደሴ ሲመጡ ሐይቁን ቀድሞ ለማየት በየትኛው ወገን መቀመጥ ይሻላል በሚል ሦስት ቀን ሙሉ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። አንዱ የአምባሰልን ገደል ከአውቶቡስ መስኮት እያነሳ በየወሩ ይልክልናል፤ ግማሹ ፎቶ ላይ ከገደሉ ይልቅ የሚታየው የረዳቱ ክንድ ነው። እኔ ራሴ ከኮምቦልቻ ያለፍኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ሱቅ ያለው ሰው የሚሄደው በሰው እግር ነው፤ በነሱ እግር ጎንደርንም ጂንካንም አየሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ከሁሉም በላይ የምንኮራው በርክክቡ ነበር። በወሎ እንግዳ ከደጃፍ አይሰናበትም፤ መንገድ ድረስ ይሸኛል። እኛም ይህንኑ ልማድ ወደ ስልክ አመጣነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው፣ በተለይ አረጋዊ ወይም አገሩን የማያውቅ ሲኖር፣ በየከተማው ያለው አባል ተቀብሎ ለቀጣዩ መኪና ያሳፍረዋል። የደሴው «ተነስተዋል፣ ሐይቅ ተቀበሉ» ብሎ ይጽፋል። እኔ መናኸሪያ ሄጄ እንግዳውን አገኝና አሳፍሬ «ለውጫሌ አስረክቤያለሁ» እላለሁ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ እንግዳው የኔ አይደለም፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው የውጫሌው ነው። ሕጉን ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል።

ታዲያ ለምን ዘጋሽው የሚለኝ ብዙ ነው። ጥያቄው ተለወጠብኝ። ድሮ «ዓሣ የት ይጣፍጣል?» ነበር የሚሉኝ። ያ የጦርነት ክፉ ጊዜ በኛ በኩል ካለፈ ወዲህ ግን ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ «ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?» ከሱቄ በር ብቅ ብዬ አያለሁ። የሚታየኝ አስፋልቱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን የሚያውቀው አላህ ነው። «ሰላም ነው» ብል በሰው ነፍስ መጫወት፣ «አላውቅም» ብል ደግሞ ለምን ተቀመጥኩ? ፎቶ የሚልክም ጠፋ። የቀረው ማስታወቂያና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሽልማት ወሬ ነበር። እሱን ስጠርግ መዋል ሰለቸኝ።

ይህ ለሰው የምሰጠው ምክንያት ነው፤ ውሸትም አይደለም። ግን ስልኩን በከፈትኩ ቁጥር የሚቆረቁረኝ ሌላ የቆየ ነገር ነበረኝ።

ነገሩ ከክፉው ጊዜ በፊት ነው። አዳማ የምትኖር አንዲት አባላችን፣ አባቷ ከውጫሌ በላይ ገጠር ያለች የታመመች እህታቸውን ለማየት ብቻቸውን እንደሚመጡ ጻፈች። ሽማግሌው ስልክ የላቸውም። «አደራ» አለች፤ ቃሉን ሦስት ጊዜ ነው የጻፈችው። የደሴው ልጅ አሳፈራቸውና፣ «ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል» ብሎ ላከልኝ።

የዚያን ዕለት መብራት ከሦስት ቀን በኋላ መምጣቱ ነበር። የተማሪ ምዝገባ ወቅት ነው፤ የከተማው ወላጅ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ደጃፌ ላይ ተሰልፏል። ማሽኑን ትቼ ልውጣ ብል ሰልፈኛው ከነነፍሴ ይበላኛል። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ የውጫሌ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። እኚያ ናቸው አልኩ በልቤ። ተሻግሬ ሳልጠይቅ «ለውጫሌ አስረክቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በኛ አገር ነጭ ጋቢና ከዘራ ምልክት አይሆንም፤ ዕድሜው የገፋ ወንድ ሁሉ እንደዚያው ነው የሚለብሰው። ይህን የማያውቅ የሐይቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ።

አመሻሹ ላይ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ መናኸሪያው አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው አቧራ ጠጥቷል።

«አባባ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ። አንዲት ሴት ትቀበልሃለች፣ እሷ ሳትመጣ እንዳትነቃነቅ ብለውኛል።»

ከረፋዱ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ዙህርና አስርን ከድንጋዩ አጠገብ ሰግደዋል። ብነሳ ታልፈኛለች ብለው ውሃ እንኳ ፍለጋ አልሄዱም። እኔ ነኝ አልኳቸው። ዘግይቼብዎታለሁ፣ አፉ ይበሉኝ አልኩ።

«አብሽሪ፤ ሥራ ይዞሽ ነው» አሉኝና ረጅም ምርቃት መረቁኝ። መጨረሻ በቀረው ሚኒባስ አሳፈርኳቸው፣ ለረዳቱም አደራ አልኩ።

ከዚያ ስልኬን አወጣሁ። የውጫሌው ሰው፣ የሞባይል ጠጋኙ፣ ከቀትር ጀምሮ የመጣውን መኪና ሁሉ እየፈተሸ «አልደረሱም»፣ «እስካሁን የሉም» እያለ ጽፏል። «ቅድም ያየሁት ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ገና አሁን ተነሱ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ መስመር ነው። ግን ያ ሁሉ አባል እንደሚያነበው ታየኝና አፈርኩ፤ ደክሞኝም ነበር። እዚያው ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ያገኛቸዋል ብዬ ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አላገኛቸውም። እስከ መግሪብ ቆሞ፣ ሾፌሮቹን ጠይቆ፣ ሌላ መኪና አይመጣም ሲሉት ወደ ቤቱ ሄዷል። ሽማግሌው ደርሰው ሰው ቢያጡ መስጊድ በረንዳ ላይ አደሩ። በማግስቱ ደጋግ ሰዎች መንገድ አሳይተዋቸው እህታቸውን በሕይወት አገኟት፤ አልሐምዱሊላህ።

ልጃቸው ግን ነደደች። «የሐይቋ እህት በእጇ እንዳሳፈረቻቸው አባቴ ራሳቸው በሰው ስልክ ደውለው ነግረውኛል፤ ውጫሌ ላይ ነው ሰው ያጡት» ብላ ጻፈች፤ ድንጋዩ ላይ መዋላቸውን አልነገሯትም። ሌሎቹም ተከተሏት። የውጫሌው፣ «ወላሂ አልተረከብኩም፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ስጠብቅ ነው የዋልኩት» አለ። ሁለቴ ጻፈው። አንዱ፣ «ሐይቅ አስረክቤያለሁ ብላለች እኮ፤ እሷ መቼ ዋሽታ ታውቃለች?» ብሎ መለሰለት። ይህን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። በዚያው ቀን የውጫሌው ሰው «ከቡድኑ ወጥቷል» የምትለው ግራጫ መስመር መጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ በሌላ ሰው አስለቀምኩ።

ነገ እጽፈዋለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ዓመታት። ክፉው ጊዜ መጣና ከሱ ጋር ሲተያይ ነገሩ ትንሽ መሰለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ደፈረሰ።

የመዝጊያዬን ማስታወቂያ እንደጻፍኩ ድምፃቸው ጠፍቶ የነበሩ ሰዎች ከያሉበት ብቅ ብቅ አሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ ስትታመም ያልጠየቀህ ለቀብርህ ይመጣል። አንዷ በቡድኑ በኩል የተዋወቀችውን ባሏንና ልጆቿን ፎቶ ላከች። አንዱ፣ «ዝናብ ሲይዘኝ ሱቅሽ ያስጠለልሽኝ እኔ ነኝ» አለኝ፤ አላስታወስኩትም፣ ግን «እንዴት እረሳሃለሁ» ብዬ መለስኩ። የመቀመጫው ክርክርም እንደገና ተነሳ፤ በመጨረሻው ሳምንት እንኳ አልተስማሙም። እኔ ዓይኔ እየተጨፈነ ለያንዳንዱ ምርቃት አሜን፣ አሜን እላለሁ። መሰናበት እንዲህ እንደሚያደክም ባውቅ ኖሮ ሳልናገር እዘጋው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዲያቆኑ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። እሱ ስለኔና ስለ ሽማግሌው የሚያውቀው ነገር የለም። «በነዚህ ሁሉ ዓመታት» አለ፣ «አንድም እንግዳ ከእህታችን እጅ አልጠፋም።» ከሥሩ የልብ ምልክቱ ተደረደረ። ያን ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። ሁሉንም ጻፍኩት፤ ሰልፉን፣ ጋቢውን፣ ድንጋዩን፣ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩትን ስልክ። ከመላኬ በፊት አነበብኩት። ከላዩ የሰው ሠርግና የሰው ልጅ ፎቶ አለ፤ ይህን ሁሉ ደስታ በመጨረሻው ቀን ልበክለው? አልኩ። የነሱን ደስታ የምጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ የምጠብቀው የራሴን ስም ነበር። አጠፋሁት።

ምክንያትም አላጣሁም። በኛ ዘንድ ሰው የበደለውን ደጁ ድረስ ሄዶ ነው አፉ በለኝ የሚለው። በስልክ ምን ይቅርታ አለ? በአካል እሄዳለሁ፣ ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ አልኩ። ይህ ከመጻፍ የከበደ ስለመሰለኝ ከመጻፍ የተሻለም መሰለኝ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ዘጋሁት። ስልኩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩ። ጽሑፉም፣ ፎቶውም፣ ሰዎቹም አንድ ላይ ጠፉ። ብዙዎቹን የማውቃቸው ቡድኑ ውስጥ ባወጡት ስም እንጂ በስልክ ቁጥር አልነበረም። አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ነው የሆንኩት። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁና ሱቁን ከፈትኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ውጫሌ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ስልክ ተጋድሟል። በአካል የተያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም አወቀኝ። ተነስቶ ወንበሩን በእጁ ጠረገልኝ።

«ቡድኑን ዘጋሽው አሉ» አለኝ።

«ዘጋሁት» አልኩና ከዚያ አላቆምኩም። ከሰልፉ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ትንሿን መፍቻ በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ «አፉ በለኝ» አልኩት።

«ብያለሁ። አላህም አፉ ይበልሽ» አለ። ጊዜ አልወሰደበትም። ዓመታት የያዝኩት ሸክም በአንድ ቃል ወረደልኝ፤ እንባዬም መጣ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ከመዝጋትሽ በፊት እዚያ ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩትም። ፊት ለፊት ልንገርህ ብዬ ነው።»

መፍቻውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እዚህ ውጫሌም አባሎች ነበሩ። አደራ በላ ብለውኛል። ይኸ የጎን ሱቅ የነበረው ሰው ከተማውን እስኪለቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ቁልፍ ያዝልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ድሮ ልጁን ሳይቀር ትቶብኝ ይሄድ ነበር።» የተከፈተውን ስልክ ወደ ራሱ ሳበው። «እህቴ፣ ለኔማ ምን ትነግሪኛለሽ? አለመረከቤን እኔ አውቅ ነበር እኮ። የማያውቁት እነሱ ነበሩ።»

አንዲት ሴትዮ የተሰበረ ስልክ ይዛ ገባች፤ ወንበሩን ለቀቅኩላት።