ጫማ የሞላበት ደጅ

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ቻይናዎችና ሂንዱዎች በዚህ በፈረንጅ አገር ቤተ መቅደሳቸውን እንዴት እንዳቆሙ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሐበሾች በሰፈርንበት በፌርፋክስ ጎዳና የለም። ዛሬ ከአንድ ሱቅ የወጣ የሰንደል ሽታ ወደ ፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መለሰኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ጎረቤቴ ጋሼ ኃይሉ ልጃቸው ሱዳን ውስጥ መሞቱን ሰምተው፣ ለነፍሱ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ወጡ። እኛ ደግሞ ገና አልነበረንም። ፓልምስ በሚባለው ሰፈር አብረን ስንሄድ አንድ ቤት ደጅ ላይ የተደረደረ ጫማ አዩ።

«ይኸው ቤተ ክርስቲያን!» ብለው ጫማቸውን አወለቁና ደፉን ሳሙ።

ውስጡ አበባ ያጠለቁ ጣዖታት ቆመዋል።

«ጋሼ፣ የሂንዱዎች ነው፤ ይነሱ» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ! ከሳምኩ በኋላ ነው የምትነግረኝ?»

የቤቱ ጠባቂ ሳቀና፣ «እኛም የጀመርነው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቻይናዎቹም ከሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ነበር። ግቡና ጸልዩ» አለን። ተረጎምኩላቸው።

ጋሼ አልገቡም። በባዶ እግራቸው በሰው ጫማ መካከል ቆመው ለልጃቸው ጸለዩ። ሲጨርሱ፣ «ሁሉም ጫማ የሚያወልቅበት አለው። እኔ ልጄን የማለቅስበትን ደጅ እንኳ ከሰው ተዋስኩ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሠራሁ! እንግሊዝኛ ማንበብ ለብቻዬ ተማርኩ፤ የቻይናዎቹንም የሂንዱዎቹንም መቅደስ ዞሬ አየሁ፤ ታሪካቸውን ጻፍኩ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ቦታ ሲፈለግ ኮሚቴውን መራሁ፤ በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ኃይሉን ደግሞ ከዚያ ሁሉ በፊት ቀበርኩ።