አቦምሳ ላይ የሚጎድለው ድምፅ

በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ አሰላ ውስጥ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ በከተማው ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ነበርን። አዲስ አበባ አብራኝ የሠለጠነችው ባልደረባዬ እዚያው ክፍል ከጎኔ ትቀመጣለች፤ እኔ ግን አልቆጥራትም ነበር።

ማሽኑን አቧራ እንዳያበላሸው ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ያዝንልኛል። በተቀደደ ካልሲ ተቀምጬ፣ የእግር ጣቶቼን እያፋተግኩ፣ የየአካባቢውን ስንዴ በሄክታር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለሳጉሬና ለሲሬ ደህና ውጤት ሰጠ። መጨረሻ ላይ አቦምሳ ሲደርስ ግን ያ ቆላ ቀመስ አገር ደጋውን ሁሉ አስከነዳው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው፣ አቦምሳ ስንዴው ድንጋይ ላይም ይበቅላል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ትእዛዞቹን ደጋግሜ ባነባቸውም ስህተቱ አልታይ አለኝ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ኮምፒውተሩ ጢጥ የምትል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነበረችው። ቁጥር ሲያነብ ወፍራም ድምፅ፣ ሲደምር መካከለኛ፣ ለሄክታር ሲያካፍል ደግሞ ቀጭን ድምፅ እንዲያሰማ አዘዝኩት። በዓይኔ ያጣሁትን በጆሮዬ አገኘዋለሁ አልኩ። በሐሳቡ ከመኩራቴ የተነሣ አንድ ነገር ዘነጋሁ። ተማሪ ሳለሁ ከኪነት ቡድኑ ያስወጡኝ፣ ጭብጨባ እንኳን ከዘፈኑ ጋር ማስኬድ አቅቶኝ ነበር።

ፕሮግራሙ መዝፈን ጀመረ። እንደ አዋቂ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሁሉንም ሰማሁ፤ ሁሉም ግን ለእኔ አንድ ዓይነት ነበር። ይባስ ብሎ ዜማው ደስ ስላለኝ፣ አንዱን ድምፅ ሳስረዝም ሌላውን ሳሳጥር ከሰዓት በኋላውን ፈጀሁት። ስንዴው ተረሳ።

ባልደረባዬ ስትታገሠኝ ቆይታ ብዕሯን አስቀመጠች።

«አቦምሳ ላይ ቀጭኗ ድምፅ የለችም» አለች።

«ኧረ አለች!» ብዬ ተከራከርኩ። ላሳምናትም ዜማውን ራሴ አንጎራጎርኩላት።

«አንተ ዝም በልና እሱን እናዳምጠው» አለችኝ።

ፕሮግራሙን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጋ እንደገና አስነሣችው። ሳጉሬ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን። ሲሬም እንደዚያው። አቦምሳ ላይ ሁለቱ ተሰሙና ጸጥ አለ። በዚያ ፍጥነት እኔም ሰማሁት። ኮምፒውተሩ የአቦምሳን ምርት ደምሮ ለሄክታር ሳያካፍለው ነበር የሚያወጣው። «የመጨረሻው ቦታ ከሆነ አቁም» የሚለውን ትእዛዝ «አካፍል» ከሚለው በታች መጻፍ ሲገባኝ በላይ ጽፌዋለሁ። አንዲት መስመር ወደ ታች ስናወርዳት አቦምሳ ወደ ልኩ ተመለሰ።

ወሬው ተሰማና ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ዘፋኙን ኮምፒውተር እናያለን አሉ። ማስረዳቱን ለማንም አልተውኩም። እጄን እንደ ኦርኬስትራ መሪ ዘርግቼ «ይኸው አሁን አካፈለ» እላለሁ፤ ማሽኑ ግን ገና እየደመረ ነው። ባልደረባዬ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከኋላዬ ቆማ ቀጭኗ ድምፅ ስትመጣ ጉሮሮዋን ትጠርግልኝ ጀመር። እሷ ስትጠርግ እኔ እጠቁማለሁ። አንዱ እንግዳ ተደንቀው የትኛውን የሙዚቃ መሣሪያ እንደምጫወት ጠየቁኝ። ክራር አልኳቸው። እሷ ሳቋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ተካፈልን። ስህተቱ የት እንዳለ እሷ አዳምጣ ትነግረኛለች፣ ለምን እንደሆነ እኔ እፈልጋለሁ። በዚህ ዓይነት ብዙ ፕሮግራም አቃንተናል። አንድ ቀን ግን ማንም ሳይረዳኝ በገዛ ጆሮዬ አንድ ስህተት ያዝኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ዜማው መሐል ላይ ቀጥ አለ። በኩራት ጠራኋት።

መጥታ ጨለማውን ስክሪን አየች፤ ቀጥሎም ጣሪያው ላይ የጠፋውን አምፖል አየች።

«መብራት ሄዶ ነው» አለችኝ።