ሰው ሞቶ ፒያኖ አይነካም

በድርቁ ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጎቴ በፒያኖ፣ ወንድሜ በኤሌክትሪክ ኦርጋን፣ ሁለቱን አዋህደው ድንበር ማዶ በምንኖርባት በገዳሪፍ ከተማ ክለብ ሊያሰሙን ተዘጋጅተው ነበር። አዳራሹ በሞላ ቁጥር ግን ከሾዋክ የስደተኞች መጠለያ በረሃብ የሞተ ሰው መርዶ ይመጣል፤ አጎቴም ፒያኖውን ይከድናል።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ ቀረ። ሰው ሞቶ ፒያኖ አይነካም።»

«ጋሼ፣ ታዲያ ሰው የማይሞትበት ቀን መቼ ሊገኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«እሱን ለፈጣሪ ንገሪው እንጂ፣ እኔን ምን ታደርቂኛለሽ!»

እንዲህ እንዳቃጠለን፣ ያንን ሙዚቃ አንድ ቀን እንኳ ሳያሰማን እሱም ታሞ ሞተ። እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ፤ ተናድጄም አለቅሳለሁ።

ከአርባው በኋላ ሚስቱ ከል እንደለበሰች ወንድሜን አስከትላ ክለቡ ሄደች። የፒያኖውን ክዳን ከፈተች፤ ወንድሜን «የእሱ ፒያኖ የሚገባበትን ቦታ ክፍት እየተውክ ያንተን ተጫወት» አለችውና ከፊት ተቀመጠች።