መጥረጊያና ፒያኖ

ፒያኖው ቤት የገባ ቀን የእናቴ አልጋ ወጣ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለችው ኮንዶሚኒየማችን ስቱዲዮ ናት፤ ወይ ሁለት አልጋ፣ ወይ አንድ አልጋና አንድ ፒያኖ ብቻ ነው የምትይዘው። የእኔ ይውጣ ብዬ ብሟገትም አልሆነም። «አንቺ ስትለፊ የምትውይ ነሽ፤ እኔን ሶፋው ይበቃኛል» አለችና ነገሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ትተኛለች። ጠዋት ወገቧን ይዛ ቀጥ ለማለት ስትታገል ሳያት ምነው ባልገዛሁት እላለሁ። ማታ ግን ክዳኑን ከፍቼ እቀመጣለሁ።

ሥራዬ ቦሌ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናትን መዝሙር ማስተማር ነው። ስለ ጥንቸልና ስለ ዝናብ የሚዘፈኑትን እነዚያኑ መዝሙሮች ስመታ እውልና፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቆሜ እያንቀላፋሁ ቤት እደርሳለሁ። የእኔ ፒያኖ የሚጀምረው ያኔ ነው። የፒያኖ ዲፕሎማ ለማግኘት በዓመት አንዴ ከውጭ የሚመጣ ፈታኝ ፊት ቀርቤ አንድ ፉግና ሶናታ የሚባል አንድ ረጅም የፒያኖ ድርሰት በቃሌ መጫወት ነበረብኝ። ፉግ ማለት አንዱ እጅ የጀመረውን ዜማ ሌላው እጅ ከኋላ እየተከተለ የሚያሳድድበት ሥራ ነው፤ የደከመው ሰው አይጫወተውም። እኔ ደግሞ ሳይደክመኝ የተጫወትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ባለፈው ዓመት ወድቄ ስለነበር ለእናቴ ቃል ገባሁላት፤ ዘንድሮም ከወደቅኩ ፒያኖው ይሸጣል፣ አልጋሽ ይመለሳል አልኳት። እሺም እምቢም አላለችኝም።

ከእኛ ወለል በታች ያለው ቤት ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ከሚስታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጋሼ ረጅም ናቸው፤ ሚስታቸው ደግሞ ደረታቸው ላይ እንኳ የማይደርሱ አጭር ሴት። ጋሼ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል፣ ማታ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይነርቱታል። ሶናታው መጨረሻው አካባቢ ሁለቱም እጆች ከላይ የሚወርዱበት፣ በኃይል የሚመታ ቦታ አለው። እዚያ ስደርስ ከወለሉ ሥር ኳ! ኳ! ኳ! ይላል። እኔም ድምፁን ቀንሼ፣ ጣቶቼን እየሰበሰብኩ እጨርሰዋለሁ። በማግስቱ ስለ መጥረጊያው እሳቸውም አያነሱም፣ እኔም አላነሳም፤ ሆድ ይፍጀው ብለን እንተላለፋለን።

እጠላቸው ነበር። ያንን ቦታ አንድ ቀን እንኳ እንደተጻፈው አድርጌ ተጫውቼው አላውቅም። ለእናቴ ሳማርር ግን ትስቅብኛለች።

«ሰውዬው ምን ያድርጉ? አናታቸው ላይ እኮ ነው የምትወቅጪው!»

ፈተናው ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ አንድ ንጋት ላይ ከታች ጩኸት ሰማን። ጋሼ በተኙበት አርፈው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተከለ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ እየተጫነ መጣ። እናቴ ምንም ሳልላት የፒያኖውን ክዳን ዘጋችና ነጠላ ጣል አደረገችበት።

«ሰው ሞቶ ፒያኖ? እንዳታስቢው!»

አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። ግን ነጠላውን አላነሳሁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ከሴቶቹ ጋር የጋሼ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ያን ያህል ቁጭ ብዬ አላውቅም ነበር። ቀና ስል የጣሪያው ልስን ላይ የመጥረጊያው ጫፍ የቦረቦራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች አየሁ። ሁሉም የእኔ ነበሩ። አንገቴን ደፋሁ።

ጣቶቼ ግን አርፈው አልተቀመጡም። ከነጠላዬ ሥር፣ ጉልበቴ ላይ፣ ፉጉን ይጫወታሉ፤ ቀኙ ሲያመልጥ ግራው ያሳድደዋል። ጎኔ የተቀመጡት የጋሼ ሚስት ነጠላዬ ሲርገበገብ አዩና በእጃቸው ፈልገው ቀኝ እጄን ያዙኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እንዲህ አትንቀጥቀጪ» አሉኝ። «ምን ይደረጋል፣ ፈጣሪ ያለው ነው።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ «ወይ ጎረቤት!» ብላ እንባዋን ጠረገች። ምን ልበላቸው? ፉግ እየተለማመድኩ ነው ልበል? ባላቸው የሞተባቸው ሴት እኔን ያጽናናሉ፤ እኔ በሐፍረት አቀረቅራለሁ፤ ባቀረቀርኩ ቁጥር ኀዘኔ የባሰ ይመስላቸውና እጄን ጠበቅ ያደርጉታል። እስኪመሽ አልለቀቁኝም። እጃቸው ትንሽ፣ ደረቅና ሞቃት ነበር። መጀመሪያ በግራ እጄ ብቻ ልቀጥል ሞከርኩ፣ ከዚያ እሱንም ተውኩት። በእነዚያ ወራት ሁሉ እጄ ምንም ሳይሠራ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈተናው በሠልስቱ ቀን ዋለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ከሰዓት ቦሌ ወደሚገኘው የፈተና አዳራሽ ሄድኩ። ለፈተናም ጥቁር ነው የሚለበሰው፣ ስለዚህ መቀየር አላስፈለገኝም። ፉጉ እየተንገዳገደም ቢሆን ወጣ። ሶናታው ደግሞ ካሰብኩት በላይ አማረልኝ፤ ያ ቦታ እስኪደርስ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ፒያኖው ትልቅ ነው፣ ከሥሬ የሚኖር ሰው የለም። እጆቼን አንስቼ በሙሉ ኃይሌ ጣልኳቸው። ከዚያ ጆሮዬ ኳኳታውን ጠበቀ።

አልመጣም።

ጋሼ መሞታቸው የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሲቀበሩ ቆሜ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ያልመጣው እንባ ፒያኖው ላይ መጣ። ጣቶቼ መሄጃው ጠፍቷቸው ቆሙ። ፈታኙ ከፈለግሁበት ቦታ መቀጠል እንደምችል በትሕትና ነገሩኝ። ቀጠልኩ። ግን ቀስ ብዬ ነበር የተጫወትኩት፣ ሰው እንዳልረብሽ።

የጋሼ አርባ ከወጣ በኋላ ውጤቱ መጣ። ወድቄያለሁ። አላለቀስኩም፤ ማልቀስም አቅም ይፈልጋል። ታክሲ ሰልፉ ላይ ቆሜ ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ተራዬን ጠበቅኩ። ቃል ቃል ነው ብዬ በማግስቱ ደላላ ጋ ደወልኩ። እናቴ አሁንም እሺም እምቢም አላለችኝም።

ቅዳሜ ደላላው ለሴት ልጁ ፒያኖ የሚፈልግ አንድ ወጣት አባት ይዞ መጣ። ሰውዬው እንጨቱን ዳበሰ፣ ከኋላ ዞሮ አየና «እስቲ ድምፁን ልስማው» አለ። ከለቅሶው ወዲህ ያ ክዳን ተከፍቶ አያውቅም። ነጠላውን አንስቼ ተቀመጥኩ። ምን እንደምጫወት አላሰብኩም፤ ጣቶቼ ራሳቸው ወደ ሶናታው መጨረሻ ሄዱ። ያ ቦታ ደረሰ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ እንደተጻፈው በኃይል መታሁት።

ከወለሉ ሥር ኳ አለ።

ቆየት ብሎ ደግሞ ኳ። ደከም ያለ ነበር፣ ጋሼ እንደሚመቱት አልነበረም። ሦስተኛው እስኪመጣ እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ጎረቤት ያስቸግራል እንዴ?» አለ ሰውዬው።

እናቴ ከሶፋው ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«የጋሼ ሚስት እኮ ከጣሪያው አትደርስም» አለች። ለእሱ ይሁን ለእኔ አልለየሁም። «ወንበር ላይ ወጥታ ነው፤ ቤቱ ጭር ብሎባት።» ከዚያ ወደ ደላላው ዞረች። «ይቅርታ አድርጉልን ልጆቼ፣ አይሸጥም።»

ደላላው እያጉረመረመ፣ ሰውዬው ግራ እንደገባው ወጡ። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሰልፍ፣ ያው ፉግ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ደስ ብሎኝም ክንዴ ከአሁኑ ዛለ። የአልጋዋን ነገር ላነሳባት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ተጫወቺ እንጂ» አለች፣ «ሴትዮዋ ከወንበሩ ሳትወርድ።»

ቀስ ብዬ ቀጠልኩ።