ሽማግሌ የማይገፋት መኪና

የኔ መኪና ሜዳ ላይ መኪና ናት፤ ዳገት ላይ የቤት ዕቃ ናት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንደልቧ ትፈነጫለች፤ ባጃጅ ሁሉ ትቀድማለች፤ ባጃጁ ቆሞ ሰው እየጫነ ከሆነ ማለቴ ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን ዳገት ስታይ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ዕድሜዋ ከኔ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል፤ እኔም ዳገት አልወድ፤ ስለዚህ ለብዙ ዘመን ተግባብተን ኖረናል።

ያጣላን ታናሽ ወንድሜ ነው። ሮቢት ለማስተማር የመጣች የደብረ ሲና ልጅ ወደደ። እሷም፣ ሙቀቱ ሳያዞራት አልቀረም፣ ወደደችው። ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። የሄድነው ሦስት ነን። አንደኛው የአባቴ ወንድም፣ የቀወት ገበሬ፣ ምላሳቸው የማይዝግ ሰው፤ ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ጀውሃ መንገድ ዳር አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ ሐጂ። ሦስተኛው እኔ። እኔ የተመረጥኩት ለአስተዋይነቴ አይደለም፤ መኪና ስላለኝ ነው።

አርማንያ ከተማን አልፈን ትንሽ እንደወጣን መኪናዋ በቃኝ አለች። አጎቴና ሐጂ ወርደው ገፉ። እኔ መሪ ያዝኩ፤ መቼም መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቶች፣ ይሄ ልጅ ምን አድርጋችሁት ነው እንዲህ የሚቀጣችሁ?» ብሎ አለፈ።

ደብረ ሲና ስንደርስ የአጎቴ ነጭ ጋቢ በጭስ የከሰል ጆንያ መስሏል። የልጅቷ አባት በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ የመጨረሻውን ዳገት ስንገፋ ከታች ጀምሮ ሲያዩን ኖሯል። ጉዳያችንን በወግ አቀረብን። በመጀመሪያ ቀን እሺ እንደማይባል እናውቃለን፤ ቀጠሮ ተሰጥቶ መመለስ ያለ ነው። ሰውዬው ግን ሲሸኙን በራፉ ላይ ቆም ብለው እንዲህ አሉ፦

«በሚቀጥለው ስትመጡ ወይ በመኪና ኑ፣ ወይ በእግር ኑ። ሁለቱን ባንድ ላይ ግን ተዉት። ልጄ ናፍቃኝ ልትጠይቀኝ ስትነሳ እንዲህ መንገድ ላይ እየቀረች ከሆነ፣ ካሁኑ እምቢ ብል ይሻለኛል።»

ስንመለስ አጎቴ ቁልቁለቱን ሙሉ የጠቆረ ጋቢያቸውን ሲያራግፉ መጡ። ሮቢት ስንገባ፣ «በዚህችው መኪና፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ደጃፋቸው ድረስ ካልሄድኩ ሽማግሌ አትበሉኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ በሚኒባስ ብንሄድስ?»

«በሚኒባስ! የራሳቸውማ እምቢ ብላቸው በሰው መኪና መጡ እንዲሉን?»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ምግብ ጠላ። ማለትም ሦስተኛውን እንጀራ ተወው። ነገሩ ግልጽ ነበር፦ መኪናዋ ዳግመኛ ዳገት ላይ ከቆመች ሠርጉም እዚያው ቆመ።

መላውን ያመጡት ሐጂ ናቸው። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ የተፈታ ቱርቦ ሱቃቸው ጥግ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር ተራራውን ራሱን ይጎትተዋል» አሉኝ። «ለሠርጉ ስጦታ ላደርገው ነበር፤ ካሁኑ ውሰደው።» ለሙሽሮች ቱርቦ ስጦታ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ተቀበልኩ። እኔ የሽንኩርት ገበሬዎችን የውሃ ፓምፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ውሃ የሚገፋ ሞተር ካወቅኩ አየር የሚገፋው ምን ያቅተኛል ብዬ ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ሥራ ጀመርኩ።

«ይሄ ቀንድ አውጣ ምንድን ነው?» አለች ሚስቴ።

«ቱርቦ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ውስጡ ያለችውን ማራገቢያ ያሽከረክራል። ማራገቢያዋ ከውጭ አየር ስባ ሞተሩን ታጎርሰዋለች። ሞተር በደንብ ከጎረሰ ጉልበት ያገኛል።»

«አንተ እንደዚያ እየጎረስክ ጉልበቱ የት ገባ ታዲያ?»

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አዲስ ዕቃ የሚገዛበት ኪስ ስለሌለኝ ቤቴን ማረድ ነበረብኝ። የጭሱን ቧንቧ ያገኘሁት ከእንግዳ አልጋው እግር ነው፤ የሰፈራችን በያጅ ቆርጦ ሲገጥመው ለመኪና የተወለደ ይመስል ነበር። አልጋው በምትኩ ድንጋይ ተደገፈለት፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ላይ ያደረ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ሥር ተጠቅልሎ ነው የሚነጋለት። የአየሩ ቱቦ ከተጣለ የውሃ ፓምፕ መጣ። ቱቦው እንዳይግል ደግሞ እኛ ጀሪካን የምናቀዘቅዝበትን ዘዴ ተጠቀምኩ፤ በረጠበ ጆንያ ጠቀለልኩት። ሌላ አገር ለዚህ የተለየ ዕቃ ይሸጣሉ አሉ። ጆንያ ስላላዩ ነው።

የቀረው ቱርቦው ከየት አየር ይሳብ የሚለው ነበር። ኮፈኑ ሥር ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም። ከሥር እንዳይስብ፣ ጊዜው የማሾ ውቂያ ነው፤ አቧራው ጥላ ይጥላል። ሳስብ ሳስብ ማሞቂያው ትዝ አለኝ። ይቺ መኪና ስትሠራ ማሞቂያ ነበራት። ሸዋ ሮቢት ላይ ማሞቂያ! ገና የገዛኋት ሰሞን ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ ቦታው ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት አጠገብ ትልቅ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል። የመሳቢያ ቱቦውን በዚያ ቀዳዳ አሳልፌ አፉን ወደ ተሳፋሪው ከፈትኩት። አቧራ የለም፤ የመኪናውን ውስጥ ወበቅም ጠርጎ ይወስዳል። በራሴ ተደነቅኩ። ለብቻዬ አጨበጨብኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

አስነስቼ ነዳጅ ስረግጥ ቱርቦው ያፏጭ ጀመር። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሚስቴ ይዛው የነበረውን ፌስታል ቀዳዳው ከእጇ ነጠቃት፤ በግድ አስለቀቅኩት።

«አየሽ ጉልበቱን!»

«ያየሁትማ መብላቱን ነው። አፉ ላይ ወንፊት ነገር አድርግበት።»

«እዚህ አገር ሰው ቆዳው ራሱ ከብዶታል፤ ምን ለብሶ ነው የሚጎተተው?»

ወንፊት ሳላደርግበት ቀረሁ።

የቀጠሮው ቀን ሮቢት ላይ ያለው ሙቀት ዶሮ ያለ እሳት ይቀቅላል። አጎቴ ታጥቦ የተተኮሰ ጋቢያቸውን በፌስታል ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ላያቸው ላይ ያለው የቢራ ማስታወቂያ የታተመበት ካናቴራ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ በዚህ ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ደጃፍ ስንደርስ ጋቢው ይሸፍነዋል። አንተ ንዳ።»

ሐጂ ከኋላ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ተነሳን።

አርማንያ ደረስን፤ አለፍን። ባለፈው የገፉበት ቦታ ላይ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ነዳጁን ረገጥኩት። ቱርቦው እያፏጨ መኪናዋ ሽቅብ ተወነጨፈች! ጭነት መኪና ቀደምን። ሌላ ቀደምን። ባለ አህዮች ፉጨቱን ሰምተው መንገዱን ለቀቁልን፤ ምን ባለሥልጣን መጣ ብለው ይሆናል። አንዴ ጆሮዬ ድፍን ሲል አውሮፕላን የሆንን መሰለኝ። ሐጂ ማሻአላህ ማለት ጀምረው መጨረስ አልቻሉም።

«ቀስ በል እንጂ!» አሉ አጎቴ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሕፃን ፈክቷል። «ከቀጠሮው ቀድመን ብንደርስ ሙሽራ የቸገረን ይመስላል።»

ደብረ ሲና ስንገባ ጉም ተቀበለን። ቀዳዳው በየመስኮቱ ክፍተት ብርዱን እየጎተተ ያስገባው ጀመር፤ የአጎቴ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ገባ። የመጨረሻውን ዳገት ስንጀምር የልጅቷ አባት እንደ ባለፈው በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። አጎቴ አዩዋቸው። ጋቢውን አወጡ፣ በወግ ተከናነቡ፣ አንዱን ጫፍ ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። ሌላው ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

እኔ ያኔ ልክ ነዳጅ ረገጥኩ።

ቱርቦው ጋቢውን እንደ ፓስታ ጠቀለለው። ፉጨቱ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲቃ ሆነ፤ መኪናዋ በያዘችው ግስጋሴ ብቻ ተንከባልላ በራፉ ላይ ቀጥ አለች። አጎቴ ከአንገታቸው እስከ ቀዳዳው ድረስ ተወጥረዋል።

«ጋሼ፣ ያውልቁት!» አልኩ በሹክሹክታ።

«አውልቄ በቢራ ካናቴራ ልጅ ልለምን?»

የልጅቷ አባት ደርሰዋል። «እንዴት ዋላችሁ! ዛሬስ እንደ ሰው መጣችሁ። ውረዱ፣ ግቡ ወደ ቤት።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ውረዱ እንጂ፣ ብርድ ነው!»

እንደምናውቀው ሽማግሌ ቤት ገብቶ ተቀመጡ ሲባል፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። አጎቴ ያንን ወግ እዚያችው ላይ ገለበጡት።

«አንወርድም!» አሉ። «ጉዳያችን ሳይመለስ ከዚህች መኪና አንወርድም!»

ሐጂ አንድ እግራቸውን አውጥተው ነበር። ቀስ ብለው መለሱት። «አንወርድም» አሉ እሳቸውም።

«ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች! ልጅ በመስኮት ይሰጣል?»

«እምቢ ካሉም በመስኮቱ ይበሉን። መውረድ ግን የለም።»

ጎረቤት በየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። አጎቴ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ፤ ለማያውቅ ሰው በቁጭት የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ሰውዬው እጃቸውን የመኪናው ጣሪያ ላይ አሳርፈው የመጣንበትን ዳገት ቁልቁል አዩ። እኔ የማስበው ሮቢት ተቀምጦ ስልኩን የሚያየውን ወንድሜን ነው።

«ልጄ ሙቀቱ ሲያንገሸግሻት፣ ወይ እኔ ሲያመኝ፣ እዚህ የሚያደርሳት አለ?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

«በዚህችው መኪና» አሉ አጎቴ። «ከወንበሯ ሳትነሳ። ሲመጡ አላዩንም?»

«አየሁ። ከታች ጀምሮ አየኋችሁ።» የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አደረጉ። «ብዙ ሽማግሌ መጥቶብኛል፤ እንዲህ የማይነቃነቅ ግን አላጋጠመኝም። እሺ ብያለሁ። ልጄ ልጃችሁ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ሐጂ ዘለው ወረዱ። እኔም ወረድኩ። አጎቴ አልወረዱም።

«አሁንስ ምን ቀረ?» አሉ የልጅቷ አባት።

«ምንም። ትንሽ... ደስታው እስኪያልፍልኝ ነው።»

ሰውዬው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡ። ጋቢውን በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከትከሻ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቀዳዳው። ከዚያ ካናቴራውን አዩት፤ ጽሑፉንም ያነበቡት ይመስለኛል። አለቀልን አልኩ። እሳቸው ግን የራሳቸውን ጋቢ ከላያቸው አውልቀው በመስኮቱ አቀበሉና፣ አጎቴ እስኪቀይሩ ፊታቸውን ወደ ጎረቤቶቹ አዙረው ቆሙላቸው። ትከሻቸው ግን በሳቅ ሲርገፈገፍ ከኋላ አይቻለሁ።

ከምሳ በኋላ ሐጂ ቱርቦውን ፈትተው ጋቢውን እንደ አንጀት መዘው አወጡት፤ የሞተሩንም የአየር ቱቦ ወደ ድሮው ቦታ መለሱት። ለቁልቁለት ቱርቦ አያስፈልግም።

አርማንያ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። «ጋሼ፣ እንግዲህ ጋቢውን ያውልቁት» አልኩ። እምቢ አሉ። ሮቢት ስንገባ ከፊታቸው ላብ እንደ ቦይ ይወርዳል፤ ጋቢውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ወንድሜ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ተደግፎ ይጠብቀናል። እኔ መስኮት ልከፍትና ልነግረው ስል አጎቴ እጄን ያዙኝ።

«ተወው፣ ራሱ ይየው።»

ወንድሜ አያቸው። በዚያ ወበቅ፣ በሌላ ቤት የተፈተለ፣ ጥለቱ የኛ ያልሆነ ወፍራም የደጋ ጋቢ ለብሰው የሚቀቀሉ አዛውንት። ማን እንዳለበሳቸው ገባውና አንድ ቃል ሳይጠይቅ መንገዱ መሃል ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባጃጆቹ ከኋላችን ጥሩምባቸውን ነፉ፤ ለደስታ ሳይሆን መንገድ ስለዘጋን። እኛ ግን ለሠርጉ ቆጠርነው።