እትዬ አፍንጫ ያሳለፉት ዱቄት

የማኅበራችን ሰባ ቤተሰብ የማይጣላበት አንድ ነገር ቢኖር የእትዬ አፍንጫ ፍርድ ነበር። በወንበር አቀማመጥ ተኳርፈናል፤ በሊቀመንበር ምርጫ ምክንያት ሰላምታ ያቋረጡ አሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጭነት መኪናው ሲመጣ ግን ሁላችንም አፋችንን ዘግተን እሳቸውን እንጠብቃለን። ስሙን ያወጣላቸው የማኅበሩ ንብረት ክፍል የሆነው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት በጥፊ ሊሉት ምንም አልቀራቸውም። ኋላ ለምደውት ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «አፍንጫ ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ማኅበሩን ያቋቋምነው በሰፈሩ ባለሱቆች ተማርረን ነው። ዱቄቱ ውስጥ ገለባ፣ ምስሩ ውስጥ ጠጠር፣ ዘይቱ ውስጥ እግዜር የሚያውቀው ነገር ይገባ ነበር። አንድ የተዘጋ ጋራዥ ተከራየን፤ ወለሉ ላይ የደረቀውን የሞተር ዘይት በአመድ ፈተግን፤ እህልና ዱቄት በጅምላ እያስመጣን መከፋፈል ጀመርን። ደንባችን ሃያ ሁለት አንቀጽ አለው። ሃያ አንዱን ማንም አያስታውስም፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ እኔም አላስታውስም። የቀረውን አንድ ግን ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፦ እትዬ ሳያሸቱት ምንም ነገር ከመኪና አይወርድም።

መኪናው በሩ ላይ ይቆማል። እትዬ ከአባላቱ አንዱ የሆነው አናጢ በሠራላቸው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ንብረት ክፍሉ ጆንያውን በብረት መውጊያ ወግቶ ቆንጠር ያደርግና መዳፋቸው ላይ ያፈስላቸዋል። በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉታል፤ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል፤ ትንሽ ምላሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ወይ «ይውረድ» ነው፣ ወይ «ይመለስ»። ይግባኝ የለም። አንድ ጊዜ በዶፍ ዝናብ ሙሉ መኪና ሽምብራ መለሱና ሾፌሩ ዘር ማንዘራቸውን ሲሰድብ ቆየ። ያን ሽምብራ የተቀበለው ሌላ ሰፈር ሳምንት ሙሉ ሆዱን ይዞ ሰነበተ ሲባል ሰማን። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ የእሳቸው ቃል ከሐኪም ቃል በላይ ሆነ፤ የተበላሸነውም በዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት እትዬን ብርቱ ጉንፋን ጣላቸው። አሥራ አምስት ቀን ተኝተው ተነሡ። ትኩሳቱም ሳሉም ለቀቃቸው፤ ሽታና ጣዕም ግን አብሮ ሄደ። ሽንኩርት ሲከትፉ ዓይናቸው ያነባል እንጂ ምንም አይሸታቸውም። ሳሙናና ዳቦ አንድ ሆኑባቸው። ይህን ለማንም አልተነፈሱም። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ ሰው የሚፈልጋቸው ቅዳሜ ጠዋት ያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ብቻ መሰላቸው። እንዲመስላቸው ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን፤ ከቅዳሜ ውጭ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አላስታውስም።

መላ ዘየዱ። ንብረት ክፍሉን «እኔ እያረጀሁ ነው፤ አንተ ልመድ። መጀመሪያ አንተ አሽትት፣ እኔ አርምሃለሁ» አሉት። ሰውየው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ኩንታል በትከሻው ይዞ ደረጃ የሚወጣ፣ እትዬ ሲቆጡት ግን ኮፍያውን አውልቆ የሚሽቆጠቆጥ ነው። ያሸታል። ፊቱ ከተኮሳተረ «ጎሽ! ይመለስ» ይላሉ፤ ፊቱን ከፈታ «ይውረድ» ይላሉ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈና ማንም አልነቃም። እንዲያውም ሙያቸውን ሳይሰስቱ ማስተማራቸውን እያደነቅን ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ዝናብ ያገኘው የስንዴ ዱቄት መጣ። ንብረት ክፍሉ ሲያሸተው የሆነ መጥፎ ነገር ሸተተው። ቀና ብሎ እትዬን አያቸው። እሳቸው የእሱን መልስ እየጠበቁ በትዕግሥት ፈገግ ብለዋል። ፈገግታቸውን ሲያይ «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለና ፊቱን ፈታ። እሱ ፊቱን ሲፈታ እሳቸው «ይውረድ» አሉ። ስልሳ ጆንያ ወረደ።

እንግዲህ ሰባ ቤት ያንን ዱቄት አቡክቶ ጋገረ። ዳቦው ይመራል፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። በየቤቱ ምን እንደተባለ የሰማሁት ኋላ ነው። አንዱ «እርሾው ነው» ብሎ ሚስቱን ሲነዘንዛት ከረመ። አንዷ አዲስ ምድጃ ካልተገዛልኝ አለች። ሌላው ጥርሱን ሊታይ ሐኪም ቤት ሄደ። እትዬ አፍንጫ ያሳለፉት ዱቄት እንዴት ሆኖ ይበላሻል? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰነበተ ጨርቅ ገና ሳይገለጥ በጠረኑ አውቃለሁ። ከረጢቱን ስከፍት እርጥበት እንደገባበት ቁምሳጥን ሸተተኝ። «ደግሞ አንቺ ከእትዬ ልትበልጪ ነው?» ብዬ ራሴን ተቆጣሁና ጋገርኩት። ከዚያ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጎረቤት እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ ጣልኩት። ለካ ሁሉም እንደኔ ተደብቆ ይጥል ኖሯል። ቅዳሜ ስንገናኝ ግን «ዱቄቱ እንዴት ነው?» «ምን ይወጣለታል!» እንባባላለን፤ ዓይናችንን በጨው አጥበን።

ያልጣሉት የአናጢው እናት ብቻ ነበሩ። የእትዬ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው። ዳቦ መጣል የማይሆንላቸው፣ ጥርስ ስለሌላቸው በሻይ እያራሱ የሚበሉ ሴት። በሁለተኛው ሳምንት ሆዳቸውን ቆረጣቸው፤ ያስመልሳቸው ጀመር፤ ሆስፒታል ገቡ።

እትዬ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። ስድስት አልጋ የተደረደረበት፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ በፋሻ የታሰረ ክፍል ነው። ታማሚዋ ከስተው ትራሱ ውስጥ ሰጥመዋል። እትዬ ከቦርሳቸው በፎጣ የተጠቀለለ ለስላሳ ዳቦ አወጡ፤ በዚያው ዱቄት በገዛ እጃቸው የጋገሩት። ቆርሰው ወደ ባልንጀራቸው አፍ አስጠጉ። ሽታው እኔ ከአልጋው ግርጌ ከቆምኩበት ደረሰኝ። አሁንም ምንም አላልኩም።

«ዛሬስ ይቅርብኝ» አሉ ታማሚዋ።

«ምን ማለትሽ ነው? ሳትበዪ እንዴት ትድኛለሽ?»

«ይመረኛል።»

«ምኑ?»

«ዳቦው ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሮኛል» አሉ፤ እንደማፈር ብለው። «ግን አንቺ አሳልፈሽው የለም እንዴ? ምላሴ ነው የታመመው አልኩና በላሁት።»

እትዬ ቁራሹን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። ሳቡ፤ ደግመው ሳቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይኔን ሰበርኩ፤ እሳቸውም ገባቸው። ዳቦውን መልሰው በፎጣው ሲጠቀልሉ ሦስት ጊዜ ተፈታባቸው።

በማግስቱ ስብሰባ አስጠሩ። ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። «ከክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም» አሉ ቆመው። «ወንበሩን እንዳላጣ ብዬ ደበቅኋችሁ። ዱቄቱ የተበላሸ ነው፤ የቀረ ያለው ይጣለው። ባልንጀራዬን አልጋ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ንብረት ክፍሉ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔን ሸቶኝ ነበር፤ እርስዎ ፈገግ ሲሉ…» አለ።

ይኼኔ «እኛንም ሸቶን ነበር» ማለት ነበረብን። አላልንም። «ጉንፋን ነው፣ ይለቅዎታል» አልን። ሊቀመንበሩም «እርስዎ ብቻ ይቀመጡልን፤ ፊትዎን እያየን እንሠራለን» አሉ። አናጢው ተነሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሌሎች አባላት ስለ ዱቄቱ ያቀረቡት ቅሬታ የለም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፤ ያቀረበ የለም።

ቅዳሜ የተበላሸውን ዱቄት ከላከልን ወፍጮ ቤት ሌላ ጭነት መጣ። የአናጢው እናት ገና ከአልጋ አልወረዱም፤ ሐኪሞቹ «እናያለን» ከማለት በቀር ተስፋ አልሰጡም። እትዬ መጡ። ወንበሩን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ ጋራዡ ጥግ ወሰዱትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።

«ፊቴን ማንም አያይም» አሉ። «በገዛ አፍንጫችሁ አሽትቱ።»

ንብረት ክፍሉ ቆንጥሮ አሸተተ። እንደ ልማዱ ቀና ሲል ያገኘው ጀርባቸውን ነው። እንደገና አሸተተ። እትዬን ከስብሰባው ቀን ወዲህ ሰላም ያላላቸው አናጢው ዱቄቱን ከንብረት ክፍሉ መዳፍ ላይ ወስዶ አሸተተ።

«ይመለስ» አለ።

ዱቄቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «ይመለስ» ሲል ሌላው ደፈረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ያው ቁምሳጥን ነው። «ይመለስ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሾፌሩ «አፍንጫ የምትሏቸው ሴትዮስ ምን አሉ?» ብሎ ጮኸ። እትዬ ከግድግዳው አልዞሩም። ሰውየው በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ።

ሰው ሲበተን ወደ እትዬ ተጠጋሁ። አሁንም ግድግዳውን እያዩ ነበር።

«ምን ምን ይል ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እርጥበት የገባበት ቁምሳጥን።»

ባዶ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩ። ከዚያ ዞረው ፊት ለፊት አዩኝ።

«እሷ የበላችውስ?»

«እሱም እንደዚሁ ነበር» አልኳቸው፤ «ከረጢቱን ከከፈትኩበት ቀን ጀምሮ።»