የታናሹ ልጅ ስም

ቢሻው ሸጋው ሲወለድ የቤቱ ነገር ሁሉ ተከፋፍሎ አልቋል። አባቱ ፊታውራሪ ሸጋው ከሳንጃ ወዲያ ያለውን ቆላ ከነሰዉ የሚያዙ ሰው ነበሩ። ርስቱም፣ ጉልቱም፣ ጠመንጃውም ለታላቁ ልጅ ለፈረደ እንደሚያልፍ ከማለዳው የታወቀ ነው። ለታናሹ የደረሰው ያማረ መልክና የረጋ እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ያደርጉታል? ቤተ መንግሥት ይሰዱታል። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከአንድ አሽከርና ከአንድ ጉንዶ ማር ጋር አዲስ አበባ ገባ፤ ደጅ ሲጠና ከርሞም ጠጅ አሳላፊ ሆነ።

ቀላል ሥራ ነው የሚል ካለ ይሞክረው። አሳላፊ ግማሽ ቀን ሙሉ ይቆማል፤ አይቀመጥም፣ አያስልም። ጠጁን ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ ካለበት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ዋናው ትምህርት ግን የጌቶችን ፊት ማንበብ ነው። እዚያ ቤት ጥያቄ እንዲያው አይጠየቅም። አንዱ ሹም "ይኼ ልጅ የማን ነው?" ብሎ በጎኑ ላለው ካንሾካሾከ፣ ልጁ ወይ ይሾማል ወይ በማግስቱ የለም። ቢሻው ይህን ዐሥራ አምስት ዓመት ተማረ። በዚያ ሁሉ ዘመን "አንተስ ምን ትፈልጋለህ?" ያለው ሰው የለም፤ ለነገሩ ቢጠየቅም መልስ አልነበረውም።

በስድሳ ሰባት መስከረም ንጉሡ ሲወርዱ የደንብ ልብሱን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወጣ። አገሩ ሲገባ አባቱ ሞተው ቆዩት፤ ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ተወረሰ፣ ወንድሙ ቀኛዝማች ፈረደም ሸፈተ። ሁለት ዓመት በእናቱ ዘመዶች ቤት ተጠግቶ ከኖረ በኋላ ፈረደ በአብደራፊ በረሃ መገደሉን ሰማ። አልቅሶ እንኳ አልወጣለትም። ቀጥሎ የሚፈለገው እሱ መሰለው። ስሙን እንግዳው ብሎ ለወጠና ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርደው ደገኛ ጋር ተቀላቅሎ መተማ ገባ።

አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ሰሊጥ አጨደ። ያን የረጋ እጅ ማጭድ ቆራረጠው፤ ወባ ሦስት ጊዜ ጣለው። በሦስተኛው ያስታመመችው ባየሽ ናት፤ ከጎጃም ለአጨዳ ወርዳ የቀረች፣ ለሠራተኛው ሻይና ቂጣ የምትሸጥ፣ አፏ የማይዘጋ ሴት። ተጋቡ። ሴት ልጅ ወለዱ፤ አየሁሽ እንግዳው ተባለች። ባየሽ አንዳንዴ "አንተ ሰውዬ ዘመድ የለህም? ከድንጋይ ነው የወጣኸው?" ትለዋለች። እሱ ይስቅና ያልፈዋል። ካላወቀች ምንም አይደርስባትም ብሎ ነው፤ ስለሚወዳት ነው እንጂ ስላላመናት አይደለም።

በሰባ አራት ኅዳር፣ አጨዳው ሲገባደድ፣ አንድ ሻለቃ እርሻውን ሊጎበኝ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ከጎንደር ጠጅ አስመጥቶ ኖሮ፣ የእጁን መርጋት ሰው ነግሮት እንግዳውን ቅዳ አለው። አምስት ዓመት ማጭድ የጨበጠው እጅ ማሰሮውን ሲይዝ ራሱን ረሳ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፣ ብርሌውን በሁለት እጁ አቀረበ፣ ሦስት እርምጃ የኋሊት ሄዶ ቆመ።

ሻለቃው ሳቅ አለ። "አንተ፣ ይህን ማን አስተማረህ?"

"እንዲያው ነው፣ ጌታዬ።"

ጌታዬ! ሰው ሁሉ ጓድ በሚባባልበት ዘመን! ከገበታው አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሻለቃው ግን ወደ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከና እንግዳውን ዳግመኛ አየው።

ለቢሻው ይህ በቃው። ማሰሮውን አስቀመጠ፣ በጓዳ በር ወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠረፍ የሆነውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ገላባት፣ ሱዳን ምድር ገባ። ቤቱ መንገዱ ላይ ነበረች። ባየሽ እሳት ስታራግብ ከሩቅ አያት፤ አየሁሽ ደጅ ላይ አፈር ትጫወታለች። ሳይጠራቸው አለፈ።

ሻለቃው ያንሾካሾከው ምን ነበር? "ይህን ሰው ለመኮንኖች ክበብ ስጠኝ፣ ጎንደር ልውሰደው" ነው ያለው። በቃ፣ አቀዳዱን ወዶለት ነው! ሰውዬው ሲፈለግ ግን የለም። ጠረፍ ላይ ያለ ምክንያት ወደ ሱዳን የሚሮጥ ሰው ደግሞ አይታመንም፤ ሰላይ ነው ተባለ። በማግስቱ የጥበቃ ሰዎች ባየሽን ወስደው አንድ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ዘጉባት። የሦስት ዓመቷን አየሁሽን ጎረቤቷ ሐሚዳ ወሰደቻት።

ቢሻውን ገላባት ያስጠጋው ሙሐመድጣሂር የሚባል ነጋዴ ነው። በአምስተኛው ቀን ከመተማ ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እንግዳው፣ ሚስትህን ይዘዋታል። ማንነትህ ካልታወቀ አንለቃትም ይላሉ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ሙሐመድጣሂር አፈጠጠበት። "ወላሂ፣ ይህንንም እኔ ልንገርህ?"

የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ዐሥራ አራት ቀን ተቀመጠ። ያናድዳል፤ ግን የሆነው ይህ ነው። ፈሪ ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ነገሩ ፍርሃት ብቻ ቢሆን። አባቱ ሂድ ሲሉት ሄዷል፣ ሹም ቁም ሲለው ቆሟል፤ እንጋባ ያለችውም ባየሽ ናት። ጠዋት ጠዋት ወንዙ አፋፍ ላይ ቆሞ የመተማን ቆርቆሮ ጣራዎች ያያል፤ መጋዘኑ የቱ እንደሆነ ይገምታል፤ ተመልሶ ይተኛል። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሙሐመድጣሂርን እንኳ ሳይሰናበት ተሻገረ። በዕድሜው በራሱ ፈቃድ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

የጥበቃው ኃላፊ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው። ቢሻው ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ስሜ እንግዳው አይደለም። ቢሻው ሸጋው ነኝ፤ የፊታውራሪ ሸጋው ልጅ፣ የቀኛዝማች ፈረደ ወንድም። ቤተ መንግሥት አሳላፊ ነበርሁ። ሚስቴ ይህን አታውቅም። እሷን ልቀቁና እኔን ያዙ።"

ወጣቱ ከመሳቢያው ወፍራም መዝገብ አወጣ። "ፈረደ ሸጋው፣ ተደምስሷል" ብሎ አነበበ። ገጹን ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። "ያንተ ስም የለም።"

"ወንድሙ ነኝ እኮ።"

"ወንድም አለው የሚል አልተጻፈም። ጠጅ ቀጂ ለምን ይጻፋል? ሰውዬ፣ አንተን ማንም ፈልጎህ አያውቅም። ሻለቃው ጠጅ ሊያስቀዳህ ነበር የፈለገህ።" መዝገቡን ዘጋና ወደ በሩ ተጣራ፤ ሴትዮዋን ልቀቋት፣ ባሏ ቢሻው የሚባል አሳላፊ ነው አለ።

ቢሻው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አፈረ። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ስም እንደ ፈንጂ ደብቆ ኖሯል፤ ለካ ማንም የማያውቀው ስም ነው። ቢሆንም ባየሽ ወጥታለች፣ ልጁ አለች፣ ሁሉም ያልፋል እያለ ወደ መጋዘኑ ሮጠ።

ባየሽን በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ከስታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

"አየሁሽስ?" አላት።

"ቅዳሜ ቀበሯት። ወባ ነው።" ድምጿ ቁጣ እንኳ የለበትም። "ሐሚዳ አዝላ እስከዚህ በር አምጥታት ነበር። እናቷ ትያት ብላ ለመነች፤ አላስገቧትም። ድምጿን በቆርቆሮው ውስጥ ሰምቻለሁ። ውሃ፣ ውሃ ትል ነበር።"

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። አልሸሸችም፤ አልተጠጋችምም።

"ስምህን አሁን ዘበኛው ነገረኝ፤ ቢሻው ነው አለኝ" አለች። "መጀመሪያ የያዙኝ ዕለት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? የባልሽን ትክክለኛ ስም ንገሪን፣ መዝገብ እናያለን፣ ከሌለበት ዛሬውኑ ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ አሉኝ። እንግዳው ነው አልኋቸው። ማልሁላቸው። ሲመቱኝም እንግዳው ነው አልኋቸው።"

እሱ አንገቱን ደፋ።

"እነግራቸው ነበር እኮ" አለች ባየሽ። "ስለ ልጄ ስል እነግራቸው ነበር። አላወቅሁትም።"